ስግደት ለማን?

በኢትዮጵያ የአምልኮ ታሪክ ስግደትን ያህል ያወዛገበ ሥርዓት ጥቂት ነው። «ሰገደ» የሚለው ግስ ግእዝንና ዐረብኛን ያዛምዳል፤ መስጊድም መስገጃ ቦታ ማለት ነው። ግንባርን ምድር ማስነካት ግን ለፈጣሪ ብቻ ተወስኖ አልኖረም፤ ለንጉሥም ይሰገድ ነበር። ክርክሩ የመጣውም ከዚህ ነው።

በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ሲቀርቡ አልሰገዱም። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከአላህ በቀር ለማንም እንደማይሰግዱ ተናገረ። ንጉሡ ጥገኝነት ሰጣቸው።

በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አላገኙም። መምህራቸው አባ እስጢፋኖስ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሥ መስገድን እምቢ አሉ፤ በእስር ላይ እያሉም ዐረፉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ለመስቀልና ለእመቤታችን ስግደት እንዲቀርብ አጥብቀው ያዘዙ ንጉሥ ነበሩና፣ መነኮሳቱ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከውግራቱ በኋላ በሰማይ ታየ በተባለው ብርሃን ነው። መነኮሳቱን ዐመፀኞች ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የንጉሡን ምድራዊ ሥልጣን አልካዱም። ከስደቱ የተረፉት በዐጋሜ፣ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ጸንተው ድንቅ የብራና መጻሕፍት አፍርተዋል።

ዛሬ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለፈጣሪ የሚቀርበውን የአምልኮ ስግደት፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ከሚቀርበው የጸጋ ስግደት ትለያለች። አሰጋገዱም ይለያያል፦ ግንባርን ምድር ማስነካት ሰጊድ፣ ጉልበትን ማንበርከክ አስተብርኮ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ አድንኖ ይባላል። በእሑድና በበዓለ ኀምሳ አይሰገድም፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ325 የተካሄደው የኒቅያ ጉባኤ በእነዚህ ቀናት ቆሞ መጸለይን ካዘዘው ጋር ይስማማል። የስግደት ዋናው ቀን ስቅለት ነው። ምእመናን ከጠዋት እስከ ሠርክ ሲሰግዱ ይውላሉ፤ በመጨረሻም ካህኑ የተናዛዡን ጀርባ በወይራ ቅርንጫፍ መታ መታ እያደረገ ስንት ተጨማሪ ስግደት እንዳለበት ይነግረዋል።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ደግሞ ስግድ የተባለ በዓል አላቸው። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል። በጎንደር አገር ሳሉ ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ተራራ ይወጡ፣ ሕዝቡም ጾሞ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው።