አንድ ኪሎ ምስር

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ህንድ አገር፣ ራጃስታን ውስጥ ኡዳይፑር የሚባል ድሃ ወረዳ አለ። ክትባቱ በነጻ ነው። ግን ማን ይክተብ? እናት ልጇን አዝላ፣ ፀሐይ እየጠበሳት ጤና ኬላው ጋ ስትደርስ በሩ ተቆልፎ ይጠብቃት ነበር። ባካባቢው ሲቆጠር፣ በሥራ ቀን ከጤና ሠራተኞቹ 45 በመቶው ከቦታቸው አይገኙም ነበር።

ሴቫ ማንዲር የሚባል የአገሬው በጎ አድራጎት ድርጅት ከነአቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ጋር መከረ። (ሁለቱ ባልና ሚስት ኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. ከማይክል ክሬመር ጋር በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ።) በ30 መንደሮች ነርስ በየወሩ፣ ቀኗን ሳታዛንፍ እንድትመጣ ተደረገ፤ ለመምጣቷም ቀንና ሰዓት ያለበት ፎቶ ማስረጃ ሆነ። በሌሎች 30 መንደሮች ደግሞ በዚያው ላይ ምስር ታከለ፦ ልጅ በተከተበ ቁጥር አንድ ኪሎ፣ ሲጨርስ የብረት ሰሃኖች። 74 መንደሮች እንደነበሩ ቀሩ።

«ይሄማ ጉቦ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ቆይ፣ ልጨርስ።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ካሉት ልጆች ክትባት የጨረሱት ምንም ባልተደረገባቸው መንደሮች 6 በመቶ፣ ነርስ ብቻ በመጣችባቸው 18፣ ምስር ባለበት 39 ሆኑ። ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ልጅ ያዘለ መጣ።

ልብ በሉ፣ ወላጆቹ ክትባት ጠልተው አልነበረም። ነርስ በምትመጣባቸው መንደሮች፣ ምስር ኖረም አልኖረ፣ ከአራት ልጅ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንዴ ተወግተዋል። ችግሩ መጨረሱ ላይ ነው፤ ከሳንባ ነቀርሳው እስከ ኩፍኙ ቢያንስ አምስት ምልልስ አለው። ልጁ ተወግቶ ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያድራል፣ የቀን ሥራ ይታለፋል፣ ያልያዘው በሽታ ደግሞ ለዓይን አይታይም። ምስሩ ግን የዛሬ ማታ ራት ነው። እኔ ጉቦ አልለውም፤ የእናትየው ድካም ዋጋ ነው።

ደግሞ ወጪውን ስሙ። ነርሷ አሥር ልጅ መጣ ሃምሳ፣ የቀኗን ደመወዝ ትወስዳለች። ስለዚህ ብዙ ልጅ ሲመጣ ወጪው ተከፋፈለ፤ አንድን ልጅ ለማስጨረስ ያለ ምስር 56 ዶላር ሲወጣ፣ ከነምስሩ 28 ዶላር በቃ። የሰጠው ከነፈገው ረከሰለት ማለት ነው።

ምስሩ ሁሉን አላዳረሰም። በነዚያው የምስር መንደሮች ከ100 ልጆች 61ዱ ሳይጨርሱ ቀርተዋል።