ከውስኪ ቤት እስከ አፈርሳታ፤ ስለ ግድያ ምሥጢር አተራረክ

በእንግሊዝኛ ከሚጻፉት የግድያ ምሥጢር ልቦለዶች መካከል አንድ የታወቀ ዓይነት አለ። ሬሳ ይገኛል፤ ደም ግን ብዙም አይታይም። ገዳዩ ከሩቅ የመጣ ሽፍታ ሳይሆን ከሟቹ ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው ነው። ተጠርጣሪዎቹ በአንድ ግቢ ተከትተው ይቆዩና በመጨረሻ ተሰብስበው ጥፋተኛው በፊታቸው ይገለጣል። የስኮትላንድ የውስኪ መጥመቂያ ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ምቹ ስፍራ ነው። ከሞቀው የመዳብ ጋን የሚወርደው መጠጥ በተቆለፈ የናስና የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያልፋል፤ ቁልፉም ከ1820ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቀረጥ ሹሙ እጅ ነበር። ቁልፍ ካለ ቁልፉን የሰረቀ ሰው ይኖራል፤ ደራሲው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ይህን ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ባመጣው ምን ይሆናል ብዬ ማሰብ የጀመርኩት የአረቄን አወጣጥ ከውስኪው ጋር ሳነጻጽር ነው። አብዛኛው የጨርጨር ገበሬ ሙስሊም በመሆኑ አረቄ በጭሮም ሆነ በሂርና ይበልጡን የከተማ ሥራ፣ ያውም የሴቶች መተዳደሪያ ነው። ብቅልና ጌሾ የገባበት ድፍድፍ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ወደ ተነከረ ዕቃ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የወጣው «ተራ»፣ እንደገና የተጣራው «ዳግም» ይባላል። የስኮትላንዱም ብቅል ውስኪ በተለመደው አሠራር ሁለት ጊዜ ይወጣልና በዚህ በኩል ልዩነቱ እምብዛም አይደለም። ልዩነቱ ያለው በበሩ ላይ ነው። እኔ ባየኋቸው አረቄ ቤቶች የተቆለፈ ነገር የለም። ጎረቤት እሳት ሊጭር ይገባል፤ ልጅ ውኃ ቀድቶ ያመጣል፤ ጠጪው ከጋኑ አጠገብ ይቀመጣል። እዚህ ማድጋ ውስጥ መርዝ ቢገኝ መርማሪው የሚጠይቀው «ቁልፉ የት ነበር?» ሳይሆን «ማን ምን አየ፣ ማንስ ምን ሰማ?» ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ በአገራችን የቆየ ሥርዐት ነበረው፤ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይባላል። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው በሜዳ ይሰበሰባል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱም በመሐላ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። የቀረ ይቀጣል። «ወፍ» የሚባል ስውር ጠቋሚም ነበር። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሣውን አገሬው በጋራ ይከፍላል። የተጠርጣሪዎቹ መሰብሰብ ከእንግሊዙ ልቦለድ መደምደሚያ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ነገር ግን በልቦለዱ ተሰብሳቢው ሻይ ይቀርብለታል፤ በአፈርሳታ ግን ንጹሑ ገበሬ አዝመራውን ጥሎ ይውላል። የሥርዐቱ ግፍ እዚህ ላይ ነው፤ የድራማው ኃይልም እንዲሁ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ዝግጁ መድረክ የአማርኛ ድርሰት ለምን አልተጠቀመበትም? ጨርጨርን በ1910ዎቹ ዓ.ም. ያስተዳደሩት፣ አሰበ ተፈሪንም የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» ለመድረክ የበቃው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ አጋታ ክሪስቲም የመጀመሪያ ልቦለዷን ያሳተመችው በዚያው ሰሞን ነው። እሳቸው የሰውን ጥፋት በአውሬዎች አፍ ስላናገሩ ተውኔቱ ታገደ። አንድ ዳኛ የነበረ ደራሲ ስለ ችሎት ሳይሆን ስለ አራዊት መጻፉን ሳስብ፣ የሰው ምስክር በመድረክ ላይ ማቆም በዚያ ዘመን ይበልጥ አስጊ እንደነበረ እገምታለሁ።

በኋላም ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራን፣ ማሞ ውድነህ የስለላን ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ አስለመዱ። የስለላው ዓለም ግን የካይሮና የካርቱም ዓለም ነው፤ የሠፈር ሜዳ አይደለም። ሜዳውን ልቦለድ ያደረገው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ሲሆን በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመው «አፈርሳታ» የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የገዛ ችሎታችንን በሰው ቋንቋ ማንበባችን፣ የመጽሐፉን መልካምነት ሳልክድ፣ ይከነክነኛል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ለፖሊስ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ምስክሩ በሜዳ ሳይሆን በቢሮ፣ ለብቻው ይጠየቃል፤ ቃሉም ይጻፋል። ወፉም ከቃሉ ሥር መፈረም ነበረበት።