ሐኪሙ የማን ነው?

ሐኪም የታማሚው ነው ይባላል። ትከሻው ላይ ማዕረግ ለጥፎ፣ ከጦር ሠራዊት ደመወዝ የሚበላ ሐኪምስ? ነገሩን በባዶ ሜዳ ከምንከራከርበት በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከኤዲንብራ አጠገብ፣ ክሬግሎክሃርት በሚባል የጦር ሆስፒታል የሆነውን እናንሳ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲግፍሪድ ሳሱን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሆስፒታሉ ተላከ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሰውየውን የምናውቀው በግጥሙ ነው፤ ሠራዊቱ ግን የሚያውቀው በጀግንነቱ ነበር፤ ሜዳይ ተሸልሟል። ታዲያ ይኸው ጀግና ተነሥቶ፣ ጦርነቱ የመከላከል መሆኑ ቀርቶ የወረራ ሆኗልና ከእንግዲህ አልዋጋም ብሎ ለአዛዡ ጻፈ። ጽሑፉ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ተነበበ። እንግዲህ ምን ይደረግ? በጦር ፍርድ ቤት ቢያቆሙት ነገሩ ይገንናል። «ታሟል» ቢሉት ግን ማን የበሽተኛ ቃል ይሰማል? ወዳጁ ሮበርት ግሬቭስም ከእስር ይድንልኛል ብሎ ሐኪሞቹ ፊት ቀርቦ መሰከረ። ተንኮልና ወዳጅነት አንድ በር ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የተቀበለው ሐኪም ሻምበል ዊልያም ሪቨርስ ነው። ሪቨርስ እንዲሁ የሠራዊት ሐኪም ብቻ አልነበረም፤ በ1898 ከካምብሪጅ አጥኚዎች ጋር ወደ ቶረስ ደሴቶች ተጉዟል፣ ኋላም ሕንድ ወርዶ ስለ ቶዳ ሕዝብ መጽሐፍ ጽፏል። መድፍ ያናወጠውን ሰው «እርሳው፣ አታስበው» ከማለት ይልቅ ያየውን እንዲያወራ፣ ሕልሙን እንዲናገር ያደርግ ነበር። ሳሱንን መረመረው፣ የነርቭ በሽታ ምልክት አላገኘበትም። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ጤነኛ ከሆነ ሥራው ምንድን ነው? ሐሳቡን ማስለወጥ? እሱ እኮ ሕክምና አይደለም! ሪቨርስ ራሱም ይህ ጣጣ በሕልሙ እየመጣ አላስተኛው ብሎ ነበር፤ በሽተኛውን አሳምናለሁ ስል እኔው ብሳመንስ የሚለውን ሥጋት ከሞተ በኋላ በ1923 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ሳይሸሽግ አስፍሮታል። የሆነ ሆኖ ሳሱን በኅዳር «ለአገልግሎት ብቁ» ተብሎ ወጣ። እዚያው ሆስፒታል ያገኘው ገጣሚ ዊልፍሬድ ኦወንም ድኖ ወደ ግንባር ተመለሰ፤ ኅዳር 4 ቀን 1918፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተገደለ።

አንድ ነገር አይዘንጋን፤ ክሬግሎክሃርት የመኮንኖች ሆስፒታል ነበር። የድሃው ልጅ፣ ተራው ወታደር፣ ያን ሁሉ ወግ ከየት አምጥቶ! ለንደን ውስጥ ሉዊስ ዬላንድ የሚባል ሐኪም በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ አንዱን እንዴት እንዳዳነ ይተርካል። የ24 ዓመቱ ወታደር ሞንስ፣ ማርን፣ ኢፕር ተዋግቶ በመጨረሻ ድምፁ ከተዘጋ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ዬላንድ በሩን ቆልፎ፣ እስክትናገር አትወጣም ብሎ፣ ጉሮሮው ላይ ለሰዓታት ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ሰውየው ተናገረ። ልዩነቱን አናቃልለውም፤ ግን በለስላሳ ቃልም በኤሌክትሪክም የሄዱት ሁለቱ መንገዶች መድረሻቸው አንድ ነው፦ ምሽግ።

ቪየና ላይ ነገሩ ወደ ምርመራ ደረሰ። በ1920 ታዋቂው የአእምሮ ሐኪም ዋግነር ያውሬግ ወታደሮችን በኤሌክትሪክ አሠቃይቷል ተብሎ ኮሚሽን ፊት ቀረበ። ፍሮይድ በባለሙያነት ተጠርቶ ሰውየውን በጭካኔ አልከሰሰም፤ የሐኪሞቹን ሥራ ግን ከግንባር የሚሸሸውን ከኋላ ሆኖ ከሚመልስ መትረየስ ጋር አመሳሰለው። ዋግነር ያውሬግ ነፃ ወጣ፤ በ1927 በሌላ ሥራው ኖቤል ተሸለመ።

«ይህ የጦርነት ጣጣ ነው፣ ሲቪሉ ሐኪም ምን አገባው?» የሚለን አይጠፋም። ጄኔራል ፒዮትር ግሪጎሬንኮን እንጠይቅለት። የሶቪየት መንግሥትን በመተቸቱ በ1964 እብድ ተባለ። በ1969 የክሪሚያ ታታሮችን ሊደግፍ ታሽከንት ሄዶ ሲያዝ፣ የዚያ ከተማ ሐኪሞች መርምረው ጤነኛ ነው አሉ፤ ሞስኮ ወስደው እንደገና እብድ አሰኙት። የደመወዝ ጌታ አንድ ብቻ በሆነበት አገር ጥቁር ካፖርትና ነጭ ጋዋን ብዙም አይራራቁም።

ሴምዮን ግሉዝማን የሚባል ወጣት የኪየቭ ሐኪም ግን በ1971 ሰነዶቹን አገላብጦ፣ ጄኔራሉ ጤነኛ ነው የሚል የሙያ አስተያየት ጻፈ። ማንም አላዘዘውም። በ1972 የሰባት ዓመት እስርና የሦስት ዓመት ግዞት ተፈረደበት። እስር ቤት ውስጥም ከቡኮቭስኪ ጋር ሆኖ፣ ተቃዋሚ ሰው በአእምሮ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንዴት እብድ ከመባል ሊጠበቅ እንደሚችል የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጀ። የዓለም የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1977 የሃዋይን የሥነ ምግባር መግለጫ አጽድቆ የሶቪየትን አሠራር አወገዘ። አሜሪካ የደረሰው ግሪጎሬንኮም ራሱ መርምሩኝ ብሎ ጠየቀ፤ የአሜሪካ ሐኪሞች በ1979 ምንም የአእምሮ ሕመም አላገኘንበትም አሉ። ግሉዝማን ያን ጊዜ ቅጣቱን ገና አልጨረሰም ነበር።