ወደ ኋላ የማይመለስ ጨዋታ፤ የብዙ ፍጻሜዎች ምርጫና የመርካቶ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



 የታሪክ መምህር ስለ ቪዲዮ ጌም ሊናገር ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። ርእሱን የሰጠኝ አንድ የመርካቶ ልጅ የሆነ ተማሪዬ ነው። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ባስተማርሁበት ዕለት እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ አቡኑ ያን ቀን ሌላውን መልስ ቢመርጡ ኖሮ ታሪኩ በምን ያልቅ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛው «ጌም መሰለህ እንዴ?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እኔ አልሳቅሁም፤ መልስም አልሰጠሁትም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

በቅድሚያ ለማታውቁት ያህል ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2000 «ዴውስ ኤክስ» የተባለ ጨዋታ ወጣ። ዘመኑ 2052 ነው፤ ዓለም በወረርሽኝና በምስጢራዊ ኃይሎች ትታመሳለች። ተጫዋቹ በመጨረሻው ምዕራፍ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል። የዓለምን ሥልጣን በስውር ለሚገዛ የጥንት ማኅበር መስጠት፣ ከሰው ሠራሽ አእምሮ ጋር ተዋሕዶ ራሱ ገዥ መሆን፣ ወይም የዓለምን የመገናኛ መረብ አፈራርሶ ሰውን ወደ ትንንሽ መንደሮች ዘመን መመለስ። ከሦስቱ አንዱም ንጹሕ አይደለም። ሥርዓት የሚመርጥ ነጻነትን፣ ነጻነት የሚመርጥ ሥልጣኔን፣ ጥበበኛ ገዥ የሚመርጥ ሰውነትን አሳልፎ ይሰጣል።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ «ማስ ኢፌክት» የተባለው ተከታታይ ጨዋታ ሦስተኛ ክፍሉን አወጣ። ሼፐርድ የሚባለው ጀግና በየዘመኑ እየመጡ የሠለጠኑ ፍጥረታትን የሚያጠፉ ግዙፍ ማሽኖችን ይዋጋል። በመጨረሻው ሰዓት እርሱም ሦስት በሮች ይቀርቡለታል፤ ማሽኖቹን ማጥፋት፣ ማሽኖቹን መቆጣጠር፣ ወይም ሕይወት ያለውንና ማሽኑን ማዋሐድ። ማጥፋትን የመረጠ አብረውት የታገሉትን ሰው ሠራሽ ወዳጆቹንም ያጠፋል። ማዋሐድን የመረጠ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ የፍጥረትን ሁሉ ባሕርይ ይለውጣል። ተጫዋቾች በዚህ ፍጻሜ ክፉኛ ተቆጡ። በሦስት ክፍሎች ውስጥ ያደረግነው ምርጫ ሁሉ የት ገባ? ፍጻሜዎቹ ከመብራት ቀለም በቀር በምን ይለያሉ? ሲሉ ጠየቁ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ፍጻሜውን አስፍቶ በነጻ አቀረበ፤ አራተኛ መንገድም ጨመረበት። ጀግናው ሦስቱንም በሮች «አልገባባቸውም» ማለት ይችላል ማለት ነው። ይህን የመረጠ ይሸነፋል፤ የዘመኑ ሥልጣኔ ሁሉ ይጠፋል። ሆኖም ከጓዶቹ አንዷ ለሚመጣው ትውልድ መዝገብ ቀብራ ነበርና፣ ቀጣዩ ዘመን ከመዝገቡ ተምሮ ያሸንፋል።

ይህን አራተኛ ፍጻሜ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መርካቶ እንሂድ። ተማሪዬ ባደገበት ዘመን በመርካቶና በዙሪያው ሰፈሮች የፕሌይስቴሽን ቤቶች ነበሩ። የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው፤ ምክንያቱም አጭር ነው፣ ሁለት ሰው ያጫውታል፣ የተሸነፈው ተነሥቶ ጆይስቲኩን ለባለ ተራው ይሰጣል። ረጅም ታሪክ ያለው ጨዋታ ግን አርባና ሃምሳ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሴቭ የሚደረግበት ሚሞሪ ካርድም ያስፈልገዋል። ተማሪዬ እንደ ነገረኝ፣ እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚጫወት ልጅ ፍጻሜ ላይ ሲደርስ አንዱን በር መርጦ ያያል እንጂ፣ ተመልሶ ሌሎቹን ለማየት ሳንቲም አይተርፈውም። ሀብታም ልጅ ሦስቱንም ፍጻሜ በአንድ ቀን ያያል፤ የሰፈሩ ልጅ አንዱን ብቻ። ታዲያ ምርጫው ለየትኛው ልጅ ከባድ ነበር? ወደ ኋላ መመለስ የማይችለው ሰው የሚመርጠው ምርጫ ብቻ ነው ለታሪክ የሚቀርበው።

መርካቶ ራሷ ስለ ፍጻሜ የምትነግረን አላት። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት አስተዳደር ነጭና ጥቁር ተለይቶ የሚኖርባትን ከተማ ነደፈ። አራዳ ለአውሮፓውያን እንዲሆን፣ ኢትዮጵያውያንና ገበያቸው ወደ ምዕራብ እንዲገፉ ወሰነ። ገበያውም «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ ተባለ። ዛሬ በኩራት የምንጠራው ስም የተወለደው ከዚያ የመለያየት ወረቀት ነው።

የጨዋታው ሠሪ፣ እንበለው፣ አንድ ፍጻሜ ብቻ ጽፎ ነበር፤ ተለይቶ የሚገዛ ሕዝብ። ነገር ግን ወራሪው ሄደ፤ ገበያው ቀረ። ከጉራጌ አገር የወጣው ወጣት ሊስትሮና ሱቅ በደረቴ ሆኖ ጀምሮ ባለ መደብር ሆነ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ከሐረርና ከወሎ፣ ከጎጃምና ከሲዳማ የመጣው በአንድ በረንዳ ተቀመጠ። በምናለሽ ተራ የተጣለ ቆርቆሮ ምድጃና ባልዲ ይሆናል፤ ለመለያየት የተሠራው ሰፈርም እንዲሁ አገር የሚገናኝበት ሆነ። ይህን ፍጻሜ በንድፉ ላይ ማንም አልጻፈውም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ስለ ፍጻሜ ሳያስቡ፣ በየዕለቱ ባደረጉት ትንንሽ ምርጫ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እመለሳለሁ።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በደጃዝማች አበራ ካሣ የሚመሩ አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ከሰላሌ በኩል ወረዱ። ጥቃቱ አልተሳካም። አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። የቀረበላቸው ምርጫ ግልጽ ነበር፤ አርበኞችን አውግዘው፣ ለኢጣልያ ገዥነት ዕውቅና ሰጥተው መኖር፣ ወይም መሞት። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ። ሐውልታቸው ዛሬ ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሟል። ለቀላል ባቡር ግንባታ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልት ይነሣል፣ ይመለሳል፤ ያቺ ሰዓት ግን አትመለስም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚህ ላይ ለጻፈው ተውኔት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚል ስም የሰጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አራተኛውን ፍጻሜ ያዙልኝ ብዬ ነበር። አቡኑ የመረጡት እርሱን ነው። የቀረቡላቸውን የመዳኛ በሮች አልገባባቸውም አሉ፤ ተሸነፉም። አዲስ አበባ በዚያች ዕለት ነጻ አልወጣችም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን ነጻነት አላዩም፤ እንደሚመጣም ማረጋገጫ አልነበራቸውም። የተዉልን መዝገብ ብቻ ነው። ጨዋታው ተጫዋቹን ከዚህ መዝገብ አሻግሮ ቀጣዩን ዘመን ያሳየዋል፤ ለአቡኑ ግን ማንም አላሳያቸውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ አቁመን «እምቢ ያለ ጀግና፣ የቀረው ባንዳ» ብለን ከወጣን ታሪክን ወደ ጨዋታ ዝቅ አድርገነዋል። ጨዋታ ነጥብ ይሰጣል፤ በጎ የሠራ በጎ ፍጻሜ ያገኛል። ታሪክ እንዲህ አይከፍልም። ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው እጃቸውን ሰጡ፤ ከወንድማቸው ከአስፋ ወሰን ጋር ፍቼ ላይ ተገደሉ። መታገልም መታመንም ወደ አንድ ሞት አደረሰ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። የመረጡት ሁለቱና ጥቂት ረዳቶቻቸው ነበሩ፤ የተጨፈጨፈው ግን ምንም ያልመረጠ የከተማ ሕዝብ ነው። የደሙ ተጠያቂ ጨፍጫፊው መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ማንም ሰው ለራሱ ብቻ እንደማይመርጥ የዚያ ሳምንት አዲስ አበባ ታስተምረናለች። በላይ ዘለቀም አለ። አምስት ዓመት ለጠላት ሳይንበረከክ የታገለው ይህ አርበኛ፣ በ1937 ዓ.ም. በነጻዪቱ ኢትዮጵያ በስቅላት ተቀጣ። አብሮት የተሰቀለው የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ፣ በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር የቆመ ሰው ነበር። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ገመድ ፍጻሜያቸውን አገኙ። እንዲህ ያለ ፍጻሜ ጨዋታ ውስጥ ቢገባ ተጫዋቹ «ይህማ ስሕተት ነው፣ ይታረምልን» ባለ ነበር።

በእነዚህ ስሞች መካከል ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች አሉ። በወረራው ዘመን በአዲሱ ገበያ የተቀመጠ ነጋዴን አስቡ። ሊሬ ይቀበል ወይስ በማርያ ቴሬዛ ብር ካልሆነ አልሸጥም ይበል? ቀን ለወታደሩ ጨው የሸጠ፣ ማታ ጥይትና መድኃኒት ወደ ጫካ የላከ የውስጥ አርበኛ ነበር። ቀንም ማታም ልጆቹን ከማብላት በቀር ምንም ያላደረገም ነበር። ከመርካቶ ቤተሰቦች ብዙዎቹ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ናቸው። «አያቴ የት ነበሩ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱን ፈልጎ ይመጣል፤ እኔ ግን ልሰጠው የምችለው ሁለቱንም የማይመስል ሦስተኛ መልስ ነው። ባንዳ የሚለውን ቃል ዛሬ እርስ በርሳችን እንደ ዋዛ ስንወራወር የማዝነው ለዚህ ነው። ቃሉን የሚወረውር ሰው ፍጻሜውን ዐውቆ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያ የሚያነብ ነው፤ እነርሱ ግን ከመጀመሪያ ወደማያውቁት መጨረሻ ይሄዱ ነበር።

ታዲያ የብዙ ፍጻሜ ጨዋታ ለታሪክ ተማሪ ምን ይጠቅመዋል? ሁለት ነገር። አንደኛው፣ የሆነው ሁሉ መሆን ስለነበረበት አልሆነም ብሎ ያስተምረዋል። «የተጻፈ ነው» እያልን ለበደለኛው ሰበብ፣ ለበጎ አድራጊው ደግሞ ምስጋና መንፈግ ይቀናናል። አቡነ ጴጥሮስ እሺ ማለት ይችሉ ነበር፤ ስለሚችሉ ነው እምቢታቸው ዋጋ ያለው። ስለዚህ ተማሪዬ የጠየቀው ጥያቄ የሚያስቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ከጨዋታው ጉድለት የምንማረው ነው። «ዴውስ ኤክስ» እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለተኛ ክፍል ወጣለት። ሠሪዎቹ ከሦስቱ ፍጻሜዎች የትኛው እውነት እንደሆነ መወሰን ነበረባቸው፤ እነርሱ ግን ሁሉም በከፊል ሆነዋል ብለው አለፉት። ተጫዋቹ ያን ያህል ያሰበበት ምርጫ በአንድ መግቢያ ተደመሰሰ። እኛ የታሪክ ሰዎች እንዲህ የማድረግ መብት የለንም። አንዱ ብቻ ሆኗል፤ የሆነውንም የከፈለ ሰው አለ። ሥራችን የሆነውን ሳናድበሰብስ፣ ያልሆነውንም እንደማይቻል ሳንቆጥር፣ መራጩ በቆመበት ሰዓትና ባወቀው ልክ መመዘን ነው።

ለተማሪዬ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። አቡኑ ሌላውን መልስ ቢመርጡ ታሪኩ በምን ያልቅ እንደነበር ማንም ሊነግርህ አይችልም። ምናልባት መርካቶ ያው መርካቶ ትሆን ነበር፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት ያልቅ ነበር። አንተ ግን በየቀኑ ወደ ቤትህ ስትሄድ የምታልፈው ሐውልት አይኖርም ነበር፤ ያን ጥያቄ የምትጠይቅበት ክፍልም ምናልባት ሌላ ነገር ይማር ነበር። ነገ ያለ ሴቭ፣ ያለ መመለሻ የምትመርጠው ነገር ይገጥምሃል። ምናልባት ትንሽ ነገር ይሆናል፤ በሱቅ ውስጥ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በጎረቤት ላይ በሚነገር ወሬ። ያኔ ከፊትህ ሦስት በር ብቻ ነው ያለው ቢሉህ፣ አራተኛ እንዳለ መጀመሪያ ጠይቅ፤ የሚያስከፍለውንም ዐውቀህ ግባበት።

 ጥያቄ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።