ከአቃቂ ሜዳ እስከ ቱሉ ፈራ፦ የአውሮፕላን ማኅበራዊ ሒሳብ



ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ሲባል የሚታወሰን ፋብሪካና የጭነት መኪና ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን የአቃቂ ሜዳ የመዲናይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት አነስተኛ አውሮፕላን በረረች፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተባለች።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ የአንድ ምርት ማኅበራዊ ውጤት ሲገመገም ሠራተኛውን፣ የአካባቢውን ነዋሪ፣ ተጠቃሚውን፣ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ያሉትንና መላውን ኅብረተሰብ እንድናይ ይጠይቃል። እኔ ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ እጠቀልለዋለሁ፦ ምርቱ ሲሄድ በሰው ዘንድ የሚቀረው ምንድን ነው?

«ፀሐይ»ን በዚህ ሚዛን እናስቀምጣት። አውሮፕላን ሁሉ ከውጭ ይገዛ ለነበረ አገር ትልቁ ትርፍ በሠራተኛው እጅ የሚያድረው ሙያ ነበር። ሙያ ደግሞ ጊዜ ይሻል። መጋቢት 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃቂን ደበደቡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ተያዘች። «ፀሐይ» ወደ ጣሊያን ተወሰደች። ከአውሮፕላኗ ይልቅ የከበደው ጉዳት ገና የተጀመረው የሙያ ውርስ መቋረጡ ነው።

በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር በተደረገ ውል የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌላ መልስ ይሰጠናል። አውሮፕላኖቹ የተገዙ፣ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችም የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሥልጠናው ስላልተቋረጠ ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እዚህ የቀረው ዕውቀት ነው።

ሦስተኛው መልስ መራራ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በተሳሳተ የአንድ መለኪያ መረጃ የተነሣ አውቶማቲክ ሥርዓቱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይገፋ ነበር። አደጋው የወደቀበት መሬት ገበሬ ቲኬት አልቆረጠም፤ የፋብሪካው ሠራተኛም አልነበረም። ኀዘኑ ግን ከደጁ ቀረ። ከክንፍ በታች የሚኖረውን ሰው የማይቆጥር ግምገማ ጎደሎ ነው።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» ከ88 ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ደስታው ይገባናል። የግምገማችን ጥያቄ ግን አሁንም ይጠብቀናል፤ አውሮፕላኗ ተመልሳለች፣ የተቋረጠውን የሙያ ውርስ የሚመልሰው ማን ነው?