ስለ አሮጌ የሕፃናት መጫወቻ ንግድ በእንግሊዝ አገር

በእንግሊዝ አገር በየከተማው ባሉ የሰበካና የማዘጋጃ ቤት አዳራሾች ውስጥ፥ ብዙውን ጊዜ በዕለተ እሑድ፥ አንድ የተለየ ገበያ ይቆማል። የሚሸጠው የልጆች መጫወቻ ሲሆን ሻጩም ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ ጠጕራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። ገበያው በአገሬው ቋንቋ «ስዋፕ ሚት» ይባላል፤ ትርጓሜውም የመለዋወጫ ስብሰባ ማለት ነው። ስሙ እንደሚያስረዳው በ1970ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሰብሳቢዎች ትርፍ ዕቃቸውን እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡበት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጠረጴዛ ተከራይቶ የሚሸጥ ነጋዴ ገባበት።

በነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ዘወትር ከሚታዩት ዕቃዎች አንዱ «ዲንኪ ቶይስ» የሚባሉት ትንንሽ የብረት መኪናዎች ናቸው። የሠራቸው የሊቨርፑሉ ፋብሪካ ሲሆን መሥራቹም ሜካኖ የተባለውን የመገጣጠሚያ መጫወቻ ፈጥሮ በ1901 የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘው ፍራንክ ሆርንቢ ነበር። መኪናዎቹ ዲንኪ የሚለውን ስም ያገኙት በ1934 ነው። በ1953 «ማችቦክስ»፥ በ1956 ደግሞ ባለ መስኮቱ «ኮርጊ» መጥተው ተወዳደሯቸው፤ ፋብሪካውም በ1979 ተዘጋ። መሰብሰቡ ግን ከዚያ በፊት ተጀምሮ ነበር፤ ሴሲል ጊብሰን የእነዚህን መኪናዎች ታሪክ በመጽሐፍ ያወጣው በ1966 ነው። ዕቃው የማይተካ በሆነበት ጊዜ በርሱ የተጫወቱት ልጆች ደመወዝተኛ ጐልማሶች ሆነው ነበርና ነጋዴው ገዢ አላጣም።

ለትምህርት በዚያ አገር ሳለሁ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጠረጴዛ ጀርባ ብዙ እሑዶች ተቀምጫለሁ። በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ነጋዴዎቹ እርስ በርሳቸው ይገበያያሉ፤ ከተገዛው መልካም ዕቃ ብዙው በዚያ ሰዓት እጅ ይለውጣል። ሽማግሌው መኪና ሲቀርብላቸው በመጀመሪያ የሚገለብጡት በሆዱ ነው። የታችኛው ቆርቆሮ ከአካሉ ጋራ የተያያዘው ተቀጥቅጦ በተዘጋ ችንካር ስለ ሆነ፥ ችንካሩ በመሰርሰሪያ ተነክቶ የተገኘ እንደሆነ መኪናው ተፈታትቶ እንደ ገና ቀለም መቀባቱን ያስታውቃል። ቀጥለውም ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ከጦርነቱ በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ዚንኩ በእርሳስ ስለ ተበከለ ማንም ሳይነካቸው ያብጣሉ፥ ይሰነጠቃሉ፥ በመጨረሻም ይፈረፈራሉ። እንዲህ ያለውን ሲያዩ ቀስ ብለው መልሰው ያስቀምጡታል እንጂ ዋጋ አይጠሩም።

እኔን ይልቁን የገረመኝ የካርቶኑ ነገር ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አብዛኞቹ መኪናዎች ለባለ ሱቁ የሚላኩት በአንድ ካርቶን ስድስት ስድስት ሆነው ነበር፤ ልጁም አንዱን ያለ ማሸጊያ ይገዛል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ በየራሱ ካርቶን ይሸጥ ጀመር። ልጅ ካርቶኑን ቀዶ ይጥላል፤ ሰብሳቢ ግን ይፈልገዋል፤ ስለዚህም ባዶ ካርቶን ለብቻው ዋጋ ያወጣል፥ አስመስሎ አዲስ የሚያሳትምም አለ። አዲስነቱን ተናግሮ የሚሸጥ ነውር የለበትም። ሳይናገር የሚሸጥ ግን ስሙ በአዳራሹ ሁሉ ይነሣል። ከሁሉ የሚወደደውም ልጅ ያልተጫወተበት መጫወቻ ነው።

አንድ እሑድ አንዲት አሮጊት ወይዘሮ የሟች ወንድማቸውን መኪናዎች በብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ሽማግሌው ቆጥረው፥ እኔ እስከማውቀው ድረስ፥ ሚዛናዊ ዋጋ ከፈሏቸው። ከመኪናዎቹ አንዱ ሁለት ጎማ ጠፍቶበት ልጁ በልብስ ቁልፍ ተክቶታል። ወይዘሮዋ እንደ ሄዱ ሽማግሌው ቁልፎቹን በጉጠት ነቅለው በቅርጫት ጣሉ፤ በዚያው አዳራሽ የሚሸጥ አዲስ ጎማም ገጠሙበት። «ምነው ጌታዬ?» ብላቸው «ገዢዬ የሚገዛው የራሱን ልጅነት ነው፤ የሌላ ሰው ልጅነት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

በንግድ ሕግ እውነታቸውን ነው፤ ገዢውንም አላታለሉም፥ ጎማው አዲስ መሆኑን ይነግሩታል። ነገር ግን ለባሕል ጥናት ምስክር የሚሆነው ያ የልብስ ቁልፍ ነበር። ልጁ ዕቃው ሲጎድልበት ምን እንዳደረገ የሚናገር ሌላ መዝገብ የለም። (እኛም ብንሆን በልጅነታችን ከሽቦና ከጣሳ የሠራናቸውን መኪናዎች ማን አስቀመጣቸው?) ንጹሕ ሆነው የተቀመጡት መኪናዎች ስለ ፋብሪካው ብዙ ያስተምራሉ፤ ስለ ልጆቹ ግን ጥቂት። ገበያው በየሳምንቱ እየመረጠ የሚያስቀርልን ደግሞ እነዚሁን ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢንተርኔት ጨረታ እየተስፋፋ ስለ ሄደ የዋጋ ምስጢር ብዙ አልቀረም። ችንካሩን በጣት መዳሰስ ግን በኢንተርኔት አይቻልምና አዳራሾቹ ዛሬም ይከፈታሉ። ቁልፎቹን ያን ዕለት ከቅርጫቱ አንሥቼ እስካሁን በወረቀት ጠቅልዬ አኑሬያቸዋለሁ። የልጁን ስም ግን ወይዘሮዋን ሳልጠይቅ ቀረሁ።