እያሳሳቀ የወሰደ ውሃ

አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ። ይህ ብሂል በአሜሪካ ምድር እውነት ሆኖ የታየበት አንድ ሥፍራ አለ። በፔንሲልቬኒያ ተራሮች መካከል፣ ሳውዝ ፎርክ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ሁለት የአፈር ጉብታዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። እነዚህ 22 ሜትር ያህል ከፍታና 284 ሜትር ርዝመት የነበረው የአንድ ግድብ ቅሪቶች ናቸው። መካከሉን ጎርፉ የወሰደው በአገራችን የውጫሌ ውል በተፈረመ በወሩ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ነው።

ግድቡን የሠራው የፔንሲልቬኒያ መንግሥት ነበር። ለጀልባ መጓጓዣ ቦይ ውሃ እንዲያጠራቅም በ1838 ተጀምሮ በ1853 ሲያልቅ ባቡር ቦዩን ከጥቅም ውጭ አድርጎት ነበርና ጠባቂ አጣ። በ1862 በከፊል ተናደ፤ በ1875 ገደማ ደግሞ ባለቤቱ ከሥሩ ያሉትን የውሃ ማስወጫ ቱቦዎች ነቅሎ በቁርጥራጭ ብረትነት ሸጣቸው።

በ1879 የፒትስበርግ ባለጸጎች ለመዝናኛ ክበባቸው ያዙት። አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። የተናደው ክፍል በአፈርና በድንጋይ፣ ድርቆሽና ፋንድያ ሳይቀር ተደባልቆበት ተደፈነ። ሰረገላ እንዲያልፍበት አናቱ ዝቅ ተደረገ። ዓሣዎቹ እንዳያመልጡ በጎርፍ ማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት ተጋረደ። የተነቀሉት ቱቦዎች ግን አልተተኩም። የአፈር ግድብ አናቱን ተሻግሮ የሚፈስ ውሃ አይችልም፤ ውሃው ከኋላው እየሸረሸረ ያፈርሰዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ «ማሻሻያ» የግድቡን መተንፈሻ የሚያጠብ ነበር።

ከግድቡ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የብረት ሠራተኞች ከተማ ጆንስታውን ነበረች። የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ዳንኤል ሞረል በ1880 ጆን ፉልተን የተባለውን መሐንዲስ ልኮ አስመረመረ። ፉልተን ውሃውን ማጉደያ መንገድ አለመኖሩንና የጥገናውን ደካማነት በጽሑፍ አስታወቀ። የክበቡ መሥራች ቤንጃሚን ረፍ አደጋ የለም ሲል መለሰ፤ ሞረል ወጪውን ለመጋራት ቢጠይቅም ተቀባይ አላገኘም። በከተማዋም በየጸደዩ «ግድቡ ሊናድ ነው» ይባላል፤ ሳይናድም ያልፋል። በዚህ የተነሳ ወሬው መቀለጃ ሆነ። በሕክምና ሙያ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሕመም ያልተሰማው ሁሉ ጤነኛ አይደለም።

ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ አድሮ ሐይቁ ሞላ። የክበቡ ሰዎች አዲስ ቦይ ሊቆፍሩ፣ በግንድና በቅጠል የተደፈነውን ወንፊት ሊያጸዱ ሞከሩ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። የቴሌግራፍ ማስጠንቀቂያ ቢላክም አብዛኛው ሕዝብ አልሰማም፤ ለሰሙትም የተለመደ ወሬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተናደ፤ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላም ጎርፉ ከተማዋን ጠረጋት። 2,209 ሰዎች አለቁ። ከእነዚህ መካከል 99 ቤተሰቦች አንድም ሰው አልተረፈላቸውም፤ ከ750 የሚበልጡ አስከሬኖች ደግሞ ማንነታቸው ሳይታወቅ ተቀበሩ።

ክበቡ ግን በፍርድ ቤት ተጠያቂ አልሆነም፤ አደጋው «የእግዚአብሔር ሥራ» ተባለ። የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ1891 ባወጣው ዘገባ፣ ግድቡ በመጀመሪያ ቅርጹ ቢቆይም ውሃው ያልፈው ነበር አለ። በ2016 የታተመ ጥናት በአንጻሩ አናቱ ባይቀነስ ኖሮ ያን ዝናብ ይችል እንደነበር አስልቷል። ዝናቡ የሰማይ ነበር፤ አናቱን የቀነሰው ግን የሰው እጅ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች አሉ። አብዛኞቹ የአፈር ናቸው፤ አማካይ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ተሻግሯል፤ ብዙዎቹም የሚያገለግሉት ለመዝናኛ ነው። እኛም በስደት በሠፈርንባቸው ከተሞች ልጆቻችንን ይዘን በእንዲህ ዓይነት ሐይቆች ዳር እንቀመጣለን። ውበታቸውን ስናደንቅ፣ ማስተንፈሻው ክፍት መሆኑን፣ መርማሪ መጥቶ ማየቱን፣ ከሥሩም ማን እንደሚያድር መጠየቅ ይገባናል። በሳውዝ ፎርክ ሐይቁ ላይ በጀልባ የተዝናኑትና ከግድቡ በታች ያደሩት ሰዎች የተለያዩ ነበሩ።